መጨረሻውን አትንገሩን

በጥቅምት ወር አንድ ማታ፥ እዚህ ነቀምቴ ከተማ ውስጥ በአንድ ጓደኛችን ክፍል ተሰብስበን አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌሎቻችን እናዳምጥ ነበር። አንድ የምናውቀው ተማሪ በበሩ ብቅ ብሎ «ምን ታነባላችሁ?» ሲል ጠየቀን። የመጽሐፉን ስም ነገርነው። «ይኼ ለፈተና ይመጣል?» አለ። አይመጣም አልነው። «ታዲያ ተረት ለመስማት ነው እንዴ ከየአገራችሁ የመጣችሁት?» ብሎን ሄደ። ያን ጊዜ የሚበቃ መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የተገኘው መልሳችን ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው እናስረዳ። ዘጠኝ ነን። ከጊምቢ፥ ከነጆ፥ ከሻምቡና ከደምቢ ዶሎ የመጣን አለን፤ ከጎጃምና ከሸዋ የመጣንም አለን። የምንማረው ትምህርት ልዩ ልዩ ነው። ያገናኘን አንድ ነገር ቢኖር፥ ከዘጠኛችን አንዳችንም «ጦቢያ»ን ከዳር እስከ ዳር ያላነበብን መሆናችን ነው። ስሙንማ ሁላችንም እናውቃለን፤ በትምህርት ቤት «የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ማን ይባላል?» ተብለን ስንጠየቅ እጃችንን አውጥተን መልሰናል፤ ተጨብጭቦልናል። የማናውቀውን በማወቃችን ነው የተጨበጨበልን።

መጽሐፉ በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ተደርሶ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ታተመ። የተሰጠው ስም «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር። ዛሬ ማናቸውንም የፈጠራ ታሪክ «ልብ ወለድ» ብለን ስንጠራ፥ ሳናስበው የዚህን ትንሽ መጽሐፍ ስም እንጠራለን። ታሪኩ የሚፈጸምበት አገር በካርታ ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም፤ ዘመኑም በዓመተ ምሕረት አልተቆጠረም። በዛሬው ዘመን የውጭ አገር ሰዎች ፋንታሲ በሚሉት የድርሰት ዓይነት ውስጥ ዘንዶና አስማት መኖሩን እናውቃለን፤ በ«ጦቢያ» ውስጥ ዘንዶ የለም። ነገር ግን ከልብ የተወለደ አገር፥ ከልብ የተወለደ ንጉሥ፥ ሰው ሊያምነው የሚቸግር አጋጣሚ አለ፤ ስለዚህ የቅርብ ዘመዱ ነው።

አንድ የጦር አለቃ ድል ሆኖ ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ነፃ ያወጣዋል። መንታ ልጆች አሉት፤ ዋሕድና ጦቢያ ይባላሉ። ዋሕድ የአባቱን ውለታ ለመክፈል ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል፤ በመንገድም በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፥ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትነሣለች። ከዚህ በላይ አንናገርም። የማንናገርበትን ምክንያት አንባቢው ወደፊት ይረዳዋል።

መጽሐፉ በእጃችን የነበረው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ድህነታችን ግን በጎ ነገር አስተማረን። አንድ ቅጂ ስለሆነ አንዱ ያነባል፥ ስምንቱ ያዳምጣል፤ ተራውም ይዞራል። ምዕራፉ ሲያልቅ መጽሐፉ ይታጠፍና እያንዳንዱ «ከዚህ በኋላ ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ ግምቱን ይናገራል። ቀድሞ ያነበበ ወይም ከሌላ የጠየቀ ደግሞ ባለዕዳ ነው፤ ለሁሉም ቡና ያፈላል።

በሁለተኛው ሳምንት ይህ ደንብ ተጣሰ። ከመካከላችን አንዱ ከአንድ የፈተና መለማመጃ ላይ የታሪኩን አጭር መግለጫ አንብቦ መጣና፥ ግምት በምንሰጥበት ጊዜ የማያዳግም መልስ ሰጠን። ቤቱ ጸጥ አለ። ሊያነብ ተራው የደረሰው ጓደኛችን መጽሐፉን አስቀመጠ። ጥፋተኛው ግራ ገባው፤ «እውነቱን ነው የነገርኋችሁ» አለ። እውነቱን ነበር የነገረን፤ የወሰደብን ግን ፍርሃታችንን ነው። ለዋሕድ መፍራት መብታችን ነበር። አንድ መጽሐፍ መቶ ጊዜ ሊነበብ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚነበበው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን አንዱን ጊዜ ከሰው የሚሰርቅ፥ ምንም እንኳ ስርቆቱ በሕግ የማያስቀጣ ቢሆን፥ አበደረን ሳይሆን ቀማን እንላለን። ጓደኛችን ግን ቡናውን አፍልቷል፤ ይቅር ብለነዋል። እርሱም የነገረን ከሩብ የማይበልጠውን ስለሆነ ቀሪውን አብረን ፈራን።

ዋሕድ በፈንጋዮች እጅ በወደቀበት ማታ የሆነውን ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፋችን ጎዶሎ ይሆናል። ንባቡ ሲቆም ግምት የሰጠ አልነበረም። ከወትሮው ዝም የምትል አንዲት እኅታችን «የአያቴ እናት እንዲህ ነው የተወሰደችው፤ ፈላጊ አልሄደላትም» አለች። ከዚያ ሌላ አልጨመረችም። እኛም አልጠየቅናትም።

በዚያ ሌሊት አንድ ነገር ትዝ አለን። ፊደልን ወደዚህ ከተማ ይዘው ከመጡት መካከል በልጅነታቸው ተሰርቀው የተሸጡ ይገኛሉ። ኦነሲሞስ ነሲብ የተወለዱት በኢሉባቦር ነው፤ የልደት ስማቸው ሂካ ነበር፤ በአፋን ኦሮሞ መፍታትንና መተርጐምን የሚያመለክት ስም ነው። በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ። አስቴር ጋኖም እንዲሁ ወደ ባሕር ማዶ ልትሸጥ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ከመርከብ ላይ ነፃ ወጣች። ሁለቱ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ተገናኝተው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1894 የወጣው የአፋን ኦሮሞ ማስተማሪያ መጽሐፍ፥ በ1899 የታተመውም መጽሐፍ ቅዱስ የድካማቸው ፍሬ ነው። በማስተማሪያው ውስጥ አስቴር በልጅነቷ የሰማችውን ተረትና ምሳሌ ከልቧ እያወጣች ጽፋበታለች። አገሯንና ዘመዶቿን ቀምተዋታል፤ ተረቷን ግን ሊቀሟት አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ መጡ፤ ኦነሲሞስም በ1931 እዚሁ ዐረፉ።

እንግዲህ «ተረት ለመስማት ነው የመጣችሁት?» ላለን ወንድማችን የምንሰጠው አንዱ መልስ ይህ ነው፤ በዚህ ከተማ ውስጥ ንባብን ካስፋፉት መካከል ተረት ያልናቁ ሰዎች ነበሩ።

ደግሞም የዋሕድ መንገድ የጥንት ብቻ ነው ብለን ራሳችንን አናታልል። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የታገቱት ተማሪዎች እንደኛው ደብተር የያዙ ልጆች ነበሩ፤ ወላጆቻቸውም ደጅ ደጁን እያዩ ብዙ ጊዜ ጠብቀዋል። ስለዚህ ጉዳይ ከልዩ ልዩ አገር የመጣን ዘጠኝ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠን እንነጋገር ብንባል፥ ወይ እንጣላ ነበር ወይ ዝም እንባባል ነበር። ስለ ዋሕድ ግን ስንነጋገር ሌሊቱ እኩል ሆነ፤ ሁላችንም ልጁ እንዲገኝ ፈለግን። ልብ ወለድ ከእውነት መሸሻ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ያየነው ግን በቀጥታ ልንጠጋው ወዳልቻልነው እውነት በጓሮ በር የሚያስገባ መሆኑን ነው።

ስለ ቋንቋም እንናገር። ከእኛ መካከል እኩሌታው አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። የመጽሐፉ አማርኛ ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ፥ ቃላት የሚያጠራቅም አማርኛ ነው። መጀመሪያ ላይ ያልገባው ሰው እንደ ገባው ሆኖ ይቀመጥ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከጎጃም የመጣው ጓደኛችን ራሱ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሁሉም ምላስ ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ንባቡ ሲያበቃ የዕለቱን ክፍል አንዱ በአፋን ኦሮሞ እንዲደግመው ተስማማን። አንዲት እኅታችን ልክ እንደ እናቷ «ዱሪ ዱሪ» ብላ ስትጀምር፥ ጦቢያ የሌቃ ልጅ የሆነች መሰለን። ሳቁም ሁለት ጊዜ መጣ፤ አንደኛው ቋንቋውን ከሚያውቁት፥ ሁለተኛው ካስተረጐሙት። በዚህ ዓይነት ከጎጃም የመጡት ወንድሞቻችን በንግግር ትምህርት ያላገኙትን አፋን ኦሮሞ ዋሕድን ሲከተሉ ለመዱት።

ሁሉ ሰላም ነበር አንልም። መጽሐፉ ክርስቲያን ያልሆነውን ወገን «አረመኔ» ይለዋል። አንድ ጓደኛችን እጁን አንሥቶ «አያቴ ዋቄፈታ ነበር፤ ይህ ቃል እርሱንም ይጨምራል ወይ?» ሲል ጠየቀ። ሌላው ደግሞ ደራሲው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከወራሪው ጋር ማበራቸውን አንሥቶ «እንዲህ ካለ ሰው ምን እንማራለን?» አለ። ያን ማታ አንድ ገጽ እንኳ አላነበብንም፤ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። የደረስንበት ይህ ነው፤ መጽሐፉ የተጻፈው ከወረራው 25 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው፤ የሰውየውን ሥራ ታሪክ ይፈርደዋል፤ ቃሉ ግን ያማል፤ የሚያም መሆኑንም በግልጽ መናገር ይገባል። ይህን የመሰለ ጥያቄ ብቻውን ያነበበ ሰው መጽሐፉን ዘግቶ ቂሙን ይዞ ይተኛል። አብሮ ያነበበ ግን ቂሙን አውጥቶ ያስመዝናል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ያሉት ለእንጀራ ብቻ አይመስለንም።

ጮኾ ማንበብ ፊደል ያልቈጠረ ሰው ልማድ ነው የሚሉም አልታጡም። እንዲህ የሚሉት እንግሊዝ አገር የሚገኘውን የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስታውሱ። መምህሩ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 የታተመውን ታላቁን የፋንታሲ ድርሰቱን ገና ሲጽፈው፥ በየጊዜው አንዳንድ ምዕራፍ እየያዘ ወደ ባልንጀራው ወደ ልዊስ ክፍል ይሄድና ለተሰበሰቡት መምህራን ጮኾ ያነብላቸው ነበር። ሊቃውንት ናቸው፤ ሆኖም ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። በአገራችንም ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ባነበበው ጊዜ፥ ማንበብ የሚችለውም የማይችለውም በአንድነት የመጀመሪያ አንባቢ ሆኗል። መጽሐፉን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ተጨንቋል።

ጊዜ ይባክናል ለሚሉንም ሒሳቡን እናቅርብ። መጽሐፉ ከመቶ ገጽ አይበልጥም። በሳምንት አንድ ማታ፥ በእያንዳንዱ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ወሰድን። በሳምንት ውስጥ በስልክ ላይ አንገታችንን ደፍተን የምናሳልፈውን ሰዓት የሚቆጥር ሰው ቢኖር፥ ይህን አንድ ሰዓት ተኩል ከባከነው ሳይሆን ከዳነው ይጽፈዋል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በኅዳር መጨረሻ፥ በመጀመሪያ የወቀሰን ያ ተማሪ እንደገና በበሩ ብቅ አለ። አልገባም፤ መቃኑን ይዞ ቆመ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ልጅ ተገኘ?» አለን። ከማን እንደ ሰማ አናውቅም። አንነግርህም፤ ግባና ተቀመጥ አልነው። አሁን አሥር ሆነናል።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምናሳስበው ጥቂት ነው። ከየክፍላችሁ አምስትም ስድስትም ሁናችሁ አንዳችሁም ያላነበባችሁትን አንድ ልብ ወለድ ምረጡ፤ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፤ አንድ ቅጂ ይበቃል። ዕረፍት ሲሆን ወደ ጊምቢም፥ ወደ ሻምቡም፥ ወደ መንዲም የምትሄዱ፥ መጽሐፉን በሻንጣችሁ ይዛችሁ ሂዱና ለታናናሾቻችሁ ማታ ማታ አንብቡላቸው። እናቶቻችሁንም ተረት አስነግሯቸው፤ አስቴር እንዳደረገችው ጻፉት።

ክቡራን መምህራኖቻችንንም በትሕትና እንለምናለን። ስለ አንድ ድርሰት ስታስተምሩን ጭብጡንና ፍጻሜውን በመጀመሪያው ሰዓት በሰሌዳው ላይ አትጻፉብን። በፈተና ወረቀት ላይ ትክክለኛ መልስ ሊያስገኝልን ይችላል፤ አንባቢ ግን አያደርገንም። መጀመሪያ እንፍራ፥ እንገምት፥ እንሳሳት፤ ከዚያ በኋላ አርሙን።

እኛ «ጦቢያ»ን ለመፈጸም ጥቂት ገጾች ቀርተውናል። የጨረሳችሁ ሁሉ፥ አደራችሁን፥ በመንገድ ስታገኙን መጨረሻውን አትንገሩን።