ሴት ነጋዴዎች በችግር ጊዜ እና የገበሬ ማኅበራት ድርሻ

በገጠር ቅቤ፣ እንቁላል፣ በርበሬና ጌሾ ከየመንደሩ ሰብስባ ለገበያ የምታቀርበው ሴት፣ ሥራዋ እንደ ንግድ ሳይሆን እንደ ጓዳ ጉዳይ ሲታይ መኖሩ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት የጨው፣ የሳሙናና የደብተር መግዣ የሚገኘው ከዚሁ ንግድ በመሆኑ፣ እርሷ ስትከስር ባለቤቷ እህሉን ያለ ወቅቱ በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል። ስለዚህ ጉዳዩ የማኅበሩም ነው።

እነዚህ ሴቶች ለገበያ መለዋወጥ እንግዶች አይደሉም። ሁዳዴ ሲገባ የቅቤና የእንቁላል ፈላጊ እንደሚቀንስ ስለሚያውቁ ገንዘባቸውን ወደ ምስር፣ ሽንኩርትና ቅመማ ቅመም ያዛውራሉ፤ ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ወደ ቅቤውና ወደ ዶሮው ይመለሳሉ።

የ2012 ዓ.ም. ችግር ግን ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ አልነበረም። የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን፣ በሁዳዴ መካከል ነበር። በዚያው ወር በተለያዩ ክልሎች የሕዝብ ማመላለሻ ታገደ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚህም መሠረት የሰዎች መሰብሰብ ተገደበ። ሚያዝያ 11 ቀን ለዋለው ፋሲካ ቅቤ ያጠራቀመች ነጋዴ ከተማ የምትደርስበት መኪና አጣች ማለት ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሴቶቹ የሚይዙት ዘዴ አላቸው። ቅቤው ተነጥሮ ይቀመጣል፤ እንቁላሉን ዶሮ ትታቀፈዋለች፤ ዕቃው ለጎረቤት በእህል ይለወጣል፤ የዕቁቡ መዋጮ ይቀነሳል። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ የሚያሻግረው ጥቂት ሳምንት ነው። ችግሩ ሲራዘም መነገጃው ገንዘብ ለቀለብ ይውላል፤ ቀጥሎም እናቲቱ ፍየል ትሸጣለች። ከዚያ በኋላ ገበያው ቢከፈት እንኳ ሴቲቱ ይዛው የምትገባው ገንዘብ የላትም። እንግዲህ ችግሩን ቻለችው ማለት አልተጎዳችም ማለት አይደለም።

ከዚህ አኳያ የማኅበር መሪዎች ሊፈጽሟቸው የሚገቡ ተግባራት አሉ። አንደኛ፣ ገበያን መገደብ ግድ ሲሆን ጨርሶ ከመዝጋት ይልቅ በቀንና በቦታ መከፋፈል ይሻላል። ሁለተኛ፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ቀድሞ የነበረው አዋጅ ቁጥር 456/1997 ከደነገገ ቆይቷልና፣ የሚስት ስም የቀረበት ደብተር ካለ እንዲታረም ማድረግ ነው። ሦስተኛ፣ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 እንስሳትንና ሰብልን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። ፍየሉ የእርሷ ስለመሆኑ ማኅበሩ ቢመሰክርላት፣ ከመሸጥ ይልቅ አስይዛ ለመበደር መንገድ ይከፈትላታል። ሆኖም ብድሩ ለንግድ እንጂ ለቀለብ ከዋለ ፍየሉም እንደሚሄድ አስቀድሞ መምከር ያስፈልጋል።

እርዳታው መድረስ ያለበት እናቲቱ ፍየል ከመሸጧ በፊት ነው። በየሳምንቱ ገበያ ቀን ከመንደሩ ሴት ነጋዴዎች መካከል ማን እንደቀረች የሚጠይቅ መሪ፣ ችግሩን በጊዜው ይደርስበታል።