«ይቺን ብቻ አድርሱልኝ»

ኮልፌ ውስጥ ወደ ውጭ አገር ሊሄዱ መሆኑን ደብቄ እቆያለሁ ቢሉ አይሳካልዎትም። ቪዛው በወጣ ማግስት ወሬው ከሰፈሩ ሱቅ ይደርሳል፤ ከሱቁ ወደ ዕድር፣ ከዕድሩ እስከ 18 ማዞሪያ ይሻገራል። ከዚያ በርዎ መንኳኳት ይጀምራል። ጎረቤትዎ ዱባይ ለምትሠራው ልጃቸው በርበሬና ሽሮ ቋጥረው ይመጣሉ። አጠና ተራ የሚነግደው የባለቤትዎ የአክስት ልጅ ጓንግዡ ላለ ወዳጁ የሚያደርሱለት አንድ ካርቶን አለው። የልጅዎ ጓደኛ ደግሞ ለእህቷ የፀጉር ቅባት ትልካለች። የሁሉም ንግግር አንድ ነው፦ «ቦታ አይይዝም፤ ይቺን ብቻ አድርሱልኝ።»

ከእነዚህ ዕቃዎች እጅግ የሚበዙት ምንም እንከን የለባቸውም። በርበሬው በርበሬ ነው፤ ሽሮውም ሽሮ ነው። ነገር ግን ከብዙዎቹ አንዱ ሌላ ነገር ቢሆንስ? ያ አንዱ ጥቅል ከሌሎቹ በምንም አይለይም። በሚያውቁት ሰው እጅ፣ በፈገግታና በምርቃት ታጅቦ ይመጣል። ለእረፍት የሚወጣ ቤተሰብ ስለ ወንጀል ሲያስብ በባዕድ ከተማ ኪስ የሚያወልቅ ሌባ ነው የሚታየው። ከዚያ የከፋው አደጋ ግን ገና ጉዞው ሳይጀመር ሳሎን ድረስ ሊገባ ይችላል።

በሻምፖ ውስጥ

በ2011 ዓ.ም. አገር ያነጋገረውን ጉዳይ ያስታውሱ ይሆናል። አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት ኢንጂነር ወደ ቻይና ተጉዛ ሻንጣዋ ሲፈተሽ በሻምፖ ዕቃዎች ውስጥ ኮኬይን ተገኝቶ ታሰረች። ቤተሰቧ ሻምፖውን ያስያዘቻት ጓደኛዋ እንደሆነች፣ እሷም ውስጡ ያለውን እንደማታውቅ ተናገሩ። ብዙ ሰው በኢንተርኔት ፊርማውን እያኖረ መንግሥት እንዲደርስላት ጠየቀ። በዚያ ሰሞን የራሱን ልጅ በእሷ ቦታ አድርጎ ያላሰበ ወላጅ ጥቂት ነው።

ያኔ ብዙዎቻችንን ያስደነገጠን የሕጉ ክብደት ነበር። በቻይና የወንጀል ሕግ 50 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ሄሮይን ያዘዋወረ ሰው 15 ዓመት እስራት፣ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ይጠብቀዋል። 50 ግራም ማለት አንድ የቡና ሲኒ ስኳር ያህል ነው። በሲንጋፖር ደግሞ ከ15 ግራም በላይ ንጹሕ ሄሮይን ለሞት ቅጣት ይበቃል። በሳዑዲ ዓረቢያም አደንዛዥ ዕፅ ማስገባት እስከ ሞት ያስቀጣል።

ከቅጣቱ እኩል ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በሲንጋፖር ሕግ ዕፁ ያለበትን ዕቃ ይዞ የተገኘ ሰው ዕፁን እንደያዘና ምንነቱንም እንደሚያውቅ ተደርጎ ይገመታል፤ አላውቅም የሚል ከሆነ ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ሕጉ ይህን ያህል በማይጠብቅበት አገርም ቢሆን «ሰው አስይዞኝ ነው» የሚለው መልስ ለፈታሾቹ አዲስ አይደለም። እውነተኛውም ሆነ ውሸታሙ የሚለው ይህንኑ ነውና። ሻንጣው ላይ የተለጠፈው ስም የእርስዎ ነው፤ ትኬቱም ፓስፖርቱም የእርስዎ ነው። የላኪው ስም ግን የትም አልተጻፈም።

ሳይቀበሉም ሲመጣ

ምንም ዕቃ ያልተቀበለ ሰውስ? በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር መጨረሻ ሁለት ብራዚላውያን ሴቶች ለእረፍት ወደ በርሊን ለመሄድ ተነሡ። ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ሊቀይሩ ሲሉ የጀርመን ፖሊስ ያዛቸው። በስማቸው በተመዘገቡት ሁለት ሻንጣዎች ውስጥ 40 ኪሎ ያህል ኮኬይን ተገኝቶ ነበር። ሻንጣዎቹን ግን አይተዋቸውም አያውቁም። ሳኦ ፓውሎ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ከእነሱ ሻንጣ ላይ መለያ ወረቀቱን ልጠው ዕፁ ባለበት ሻንጣ ላይ ለጥፈውት ኖሯል። ሴቶቹ 38 ቀን ታስረው ተፈቱ። ያዳናቸው የብራዚል ፖሊስ ያሰባሰበው የአውሮፕላን ማረፊያው የካሜራ ምስል ነው።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይምሰልዎት። የእኛም አየር መንገድ ወደ ሳኦ ፓውሎ ይበርራል። ቦሌ ደቡብ አሜሪካን፣ አፍሪካንና እስያን የሚያገናኝ ትልቅ መሸጋገሪያ ነው፤ መንገደኛ በሚበዛበት መንገድ ደግሞ ሕገ ወጡም ዕቃ መሄጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ሻንጣዎን ሲያስረክቡ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፦ ተከፍቶ፣ ተዘግቶ፣ ሚዛን ላይ ሆኖ፣ መለያው ተለጥፎበት። የሚሰጥዎትን ቁራጭ መለያ እስከ መጨረሻው አይጣሉ፤ ክብደቱም ተጽፎበት እንደሆነ ይዩ። በሥራው ላይ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቀን ሲከፋ ግን ከየትኛውም ምስክር ይበልጣል።

በእኛ አገር ምንም ያልሆነው

አንዳንዱ ጣጣ ደግሞ ላኪውም ተላኪውም ክፉ ሳያስቡ የሚመጣ ነው። ጫት በአገራችን በግልጽ ይሸጣል፤ ወደ ውጭም በሕጋዊ መንገድ ይላካል። በእንግሊዝ ግን ከሰኔ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ የተከለከለ ዕፅ ነው። በአሜሪካ ሕግ በእርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተመደበው ሄሮይን ባለበት መደብ ውስጥ ነው። «የደረቀ ቅጠል ነው፤ ለሻይ የሚሆን» ተብሎ የተሰጠዎት ከረጢት ምን እንደሆነ ካላወቁ አይያዙት።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎችና የሳል ሽሮፖች በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። ለራስዎ የሚወስዱት ቢሆን እንኳ የሐኪም ማዘዣና ከጉዞው በፊት የሚገኝ ፈቃድ ያስፈልጋል። «ለእማማ የወገብ መድኃኒት ነው» ማለት ዱባይ ላይ መልስ አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልጆችዎ ሊያውቁት የሚገባው የነጻ ጉዞ ጉዳይ ነው። ትኬትና ሆቴል ሸፍኖ «አንድ ሳምንት ተዝናንተሽ ተመለሺ፤ ስትመለሺ አንድ ሻንጣ ብቻ ትይዢልኛለሽ» የሚል ሰው ስጦታ እየሰጠ አይደለም፤ ዋጋ እየከፈለ ነው። ዋጋ የተከፈለበት ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ ደግሞ የልጅዎ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ሁሉ ሥራ ነው።

እምቢታው እንዴት ይባል?

ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን እንቀበላለን? መልሱ ይሉኝታ ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እየተባለ ያደገ ሰው የጎረቤቱን ጥቅል መመለስ ጎረቤቱን እንደ መሳደብ ይቆጥረዋል። ሲመለስ የሚጠብቀውን ወሬም ያውቃል፦ «ኮራ»፣ «ተለወጠ»፣ «አንድ ኪሎ በርበሬ ከበደው»። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮልፌ ላይ ሐዘንም ደስታም የሚወጣው በጎረቤት ትከሻ ነው። ስለዚህ «ዝም ብላችሁ እምቢ በሉ» የሚል ምክር ወረቀት ላይ እንጂ ቤት ውስጥ አይሠራም።

የሚሠራው እምቢታውን ከአንድ ሰው ትከሻ ላይ አንሥቶ የቤተሰብ ሕግ ማድረግ ነው። ትኬቱ ሳይቆረጥ ባልና ሚስት፣ ልጆችም ባሉበት፣ ተቀምጣችሁ ተስማሙ፦ የታሸገ ዕቃ፣ ፈሳሽ፣ ዱቄትና መድኃኒት ከማንም አንይዝም። ከዚያ በኋላ በሩ ሲንኳኳ መልሱ «አልፈልግም» መሆኑ ይቀርና «በቤታችን ተስማምተናል፤ ለእናቴም አልያዝኩላትም» ይሆናል። ልጆችም «አባዬ አይፈቅድም» ብለው በእርስዎ ያመካኙ። ኃላፊነቱን መሸከም የወላጅ ወግ ነው።

ከእምቢታው ጋር አማራጭ ይስጡ። ፖስታ ቤት አለ፤ ዕቃ የሚያደርሱ ድርጅቶችም አሉ። ላኪው ስሙን ጽፎ፣ የዕቃውን ዓይነት አስመዝግቦ ይልካል። ዋጋው ከከበደው ከቻሉ ያግዙት፤ ያም ጉርብትና ነው። ዕቃውን በራሱ ስም መላክ የማይፈልግ ከሆነ ግን በእርስዎ ስም እንዲሄድ ለምን እንደፈለገ ይጠይቁ።

ፈጽሞ የማይመለስ ይኖራል፤ አማትዎ ለልጃቸው የጋገሩት ዳቦ ቆሎ እንበል። እሱን ሲቀበሉ ሰጪው ፊት ይክፈቱት፣ ወደ ራስዎ ዕቃ ገልብጠው ራስዎ ያሽጉት። የተቀባዩን ሙሉ ስምና ስልክ ይያዙ፤ ከመነሣትዎ በፊትም ይደውሉለት። «ፋብሪካ የታሸገ ነው» የሚል ማረጋገጫ አይበቃም። ባዶ ሻንጣ፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍም ዕቃ መደበቂያ ሊሆኑ ይችላሉ። ቦሌም ሆነ ሌላ ቦታ «ሻንጣውን ያሰናዱት ራስዎ ነዎት? ሰው የሰጠዎት ነገር አለ?» ተብለው ከተጠየቁ እውነቱን ይናገሩ። ለመገላገል ብለው የሚሉት «የለም» በኋላ ችግር ቢመጣ ውሸታም ያሰኝዎታል።

የማይመኙት ቀን ከመጣ

ከመነሣትዎ በፊት የፓስፖርትዎን፣ የትኬትዎንና የሆቴልዎን ቅጂ ቤት ለሚቀር ሰው ይተዉ። ፖሊስ ቢይዝዎት ሦስት ነገር አይርሱ፦ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ማንበብ በማይችሉት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ አይፈርሙ፤ ኤምባሲዎ ወይም ቆንስላዎ እንዲያውቅ በግልጽ ይጠይቁ። ኢትዮጵያ በዱባይ፣ በጅዳና በጓንግዡ ቆንስላ አላት። ቆንስላ የሌላ አገር ፍርድ ቤት ውሳኔን ሊሽር ወይም እስር ቤት ከፍቶ ሊያወጣዎት አይችልም። ሊጎበኝዎት፣ ጠበቃ እንዲያገኙ ሊረዳዎትና ቤተሰብዎን ሊያገናኝዎት ግን ይችላል።

አገር ቤት ያለው ቤተሰብ ደግሞ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሂድ። ከዕቃው ሰጪ ጋር የተጻጻፉትን የቴሌግራምና የዋትሳፕ መልእክት፣ የጥሪ ታሪክ፣ ፎቶ ሁሉ ሳያጠፋ ያስቀምጥ። በንዴት ሰጪው ቤት ሄዶ ከመጣላት ይልቅ ለፌዴራል ፖሊስ ያመልክት። አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 የሚያስቀጣ ነውና፣ እዚህ የሚደረገው ምርመራ እዚያ ለታሰረው ሰው ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

አደራ መጠበቅ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ነገር ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን እርስዎም የልጆችዎ አደራ ነዎት። በሚቀጥለው ክረምት ሻንጣ ስታዘጋጁ የቤታችሁን ሕግ ከሻንጣው በፊት አዘጋጁ። መልካም ጉዞ!