«ያረጀ መኪና ወፍራም ዘይት ይወዳል» ያለው ማነው?

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም፦ «መኪናህ አርጅቷል፤ ቀጭን ዘይት አይሆነውም፤ 20ደብሊው-50 አድርግበት።» በእኔ እምነት ምክሩ ለአንዳንዱ መኪና ልክ ነው፤ ለሁሉም ግን አይሠራም። የሚከፋው ደግሞ መኪና ለመሸጥ ተብሎ ወፍራም ዘይት ሲሞላ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው። ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን በብርድ ቶሎ ይፈሳል። ሁለተኛው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ሞተሩ ሲግል፣ ያለው ውፍረት ነው። አዲስ አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በዚህ ብርድ 20ደብሊው-50 አይረጋም፤ ግን ጠዋት መኪናው ሲነሳ የሞተሩ ላይኛው ክፍል ለመድረስ ከ5ደብሊው-30 ይዘገያል። ያቺ ደቂቃ ደግሞ ሞተር የሚጎዳባት ናት።

ስለዚህ ዕድሜ ብቻውን አይወስንም። እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ያሉ የድሮ ሞተሮች 20ደብሊው-50 ይቀበላሉ። ቪቪቲ-አይ ያለው ቪትዝ ግን በጠባብ ቀዳዳ በሚያልፍ የዘይት ግፊት የሚሠራ ክፍል አለው፤ ወፍራም ዘይት እሱን ያዘገየዋል።

ዘይት የሚበላ ከሆነስ? አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ፣ ለምሳሌ ከ5ደብሊው-30 ወደ 10ደብሊው-40፣ ያስኬዳል። ፋሻው ካለቀ ግን ወፍራም ዘይት ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ሞተር ማውረድ ብዙ ብር ስለሚጠይቅ በወፍራም ዘይት ጥቂት ወራት የሚገፋ ባለ ታክሲን አልወቅስም፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ራሱ ነው።

መኪናው ሲሸጥ ግን ሒሳቡ ወደ ገዢው ይዞራል። ወፍራም ዘይት ጭሱንም የሞተሩን ድምፅም ለጊዜው ይቀንሳልና። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ይህንኑ ነው፦ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ ገዢ ሁሉንም ይጠረጥራል፤ ጥሩ መኪና ያለውም ተገቢውን ዋጋ ስለማያገኝ ከገበያው ይወጣል። እኛ ጋ ነገሩ ይብሳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያሉት አሮጌዎች ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው።

መኪና ልትገዙ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ ሞተሩ ቀድሞ እንዳይሞቅ ንገሩት። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ዘይት እያቃጠለ ነው። የሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን በራሳችሁ መካኒክ አስለኩ።

ለዘይት ቀያሪዎችም አንድ ሐሳብ አለኝ። ቀጣዩን መቀየሪያ ኪሎ ሜትር ካርድ ላይ ትጽፋላችሁ አይደል? የዘይቱን ቁጥርም አብራችሁ ጻፉበት። የሚፈጀው አንድ መስመር ነው፤ ለገዢው ግን ዋጋ ለመደራደር ይበቃዋል።