ጠፍቶ የማይጠፋ መብራት

ባለቤታቸው በግዳጅ ላይ የሚገኙ አንዲት እናት፣ «የኤልኢዲ አምፖላችን ብናጠፋውም ሌሊቱን ሙሉ ጭል ጭል ይላል» ሲሉ ገለጹልን። ይህ አምፖል እጅግ አነስተኛ ኃይል ስለሚበቃው በጥቂቱ የሚሾልክ ኤሌክትሪክም ያበራዋል። መንሥኤው በማብሪያ ማጥፊያው ላይ ያለች ጠቋሚ መብራት ወይም ጎን ለጎን የተዘረጋ ረጅም ሽቦ ከሆነ በአብዛኛው አያሰጋም። ማብሪያ ማጥፊያው በፌዙ ፈንታ ኑትራሉን የሚቆርጥ ከሆነ ግን መብራቱ ጠፋ ቢባልም 220 ቮልት በአምፖሉ መያዣ ላይ አድፍጦ ይጠብቃል።

ስለዚህ በቆጣሪው በኩል ያለው ብሬከር ሳይጠፋ አምፖሉን ማንም አይንካ፤ ሽቦውንም ባለሙያ ፈትሾ ፌዙን በማብሪያ ማጥፊያው በኩል ያሳልፈው። ዘብ ድምፅ ስላልሰማ ከጥበቃው አይዘናጋም፤ በቤታችንም «ጠፍቷል» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆነንም።