ይጠፋል ስለ ተባለው ሥዕል

ስናፕቻት የተባለው የፎቶግራፍ መላላኪያ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ በእስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተመሥርቶ፥ መጀመሪያ ፒካቡ በሚል ስም ለሕዝብ ሲቀርብ፥ ከሌሎች መላላኪያዎች የለየው አንድ ተስፋ ነበር። ይኸውም ላኪው ከ1 እስከ 10 ሰከንድ ጊዜ ወስኖ የላከው ሥዕል፥ ጊዜው ሲፈጸም ፈጽሞ ይጠፋል የሚል ነው። ይህን ያመነ ሰው፥ በወረቀት ታትሞ ቢሆን ኖሮ ለማንም የማያሳየውን ሥዕል ሳይፈራ ይልክበታል።

ይሁን እንጂ የተስፋው ፍጻሜ በሰጪው እጅ አልነበረም። ወደ ሌላ ሰው ስልክ የገባ ሥዕል የሚታዘዘው ለባለስልኩ ነውና፥ ተቀባዩ የስልኩን ገጽ እንዳለ ሊቀዳው፥ ይህም ቢከለከል በሌላ ካሜራ ከላይ ሊያነሣው ይችላል። መላላኪያው ገጹ መቀዳቱን ለላኪው ያስታውቃል ቢባልም፥ ወሬው የሚደርሰው ሥዕሉ ከተወሰደ በኋላ ነው፤ ሌባው ከሄደ ወዲያ እንደሚጮኽ ውሻ መሆኑ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. ባለቤቱን የንግድ ማኅበር ሕዝብን አታልሏል ሲል ከሰሰ። በክሱ እንደ ተገለጸው፥ ሌሎች ሰዎች የሠሯቸው ፕሮግራሞች ሥዕሎቹን ያለ ጊዜ ገደብ ያስቀሩ ነበር። የተላኩትም ቪዲዮዎች በተቀባዩ ስልክ ውስጥ ያለ ምሥጢር ቍልፍ ይቀመጡ ስለ ነበር፥ ስልኩን ከኮምፒዩተር ጋራ ያገናኘ ሁሉ ያገኛቸው ነበር። ማኅበሩ የገንዘብ መቀጮ ባይጣልበትም፥ የምሥጢር አጠባበቁ ለ20 ዓመት በገለልተኛ ባለሞያ እንዲመረመር ተስማማ።

ከዚህ ወዲህ ልማዱ ከወጣቶች ጨዋታ አልፎ ወደ ሥራ ቤት ገብቷል። ዋትሳፕ በ2020 ዓ.ም. በ7 ቀን የሚጠፋ መልእክት፥ በ2021 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ሥዕል ጀመረ፤ በኢትዮጵያ እጅግ የተለመደው ቴሌግራምም በምሥጢር ጭውውቱ ራሱን የሚያጠፋ መልእክት አለው። የግል ሰው ይጠፋል ያለው ባለመጥፋቱ ሲጐዳ፥ በመሥሪያ ቤት ግን ጕዳቱ በተቃራኒው ነው፤ በመዝገብ ሊቀር የሚገባው ይጠፋልና። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርና ያው የንግድ ኮሚሽን በጥር 2024 ዓ.ም.፥ ምርመራ የተጀመረበት የንግድ ማኅበር እንዲህ ያሉትን መልእክቶች እንደ ማናቸውም ሰነድ ጠብቆ ማቆየት እንዳለበት፥ ይህን ያላደረገም ፍትሕን በማሰናከል ሊከሰስ እንደሚችል አስታውቀዋል።

ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ቢቃጠል እንኳ ግልባጩ በመዝገብ ቤት ይገኛል። በሚጠፋ መልእክት የታዘዘ የበታች ሹም ግን፥ ነገሩ በተመረመረ ጊዜ ታዝዤ ነው ቢል፥ ለመርማሪው የሚያሳየው አንዲት ፊደል እንኳ አይኖረውም።