የአማርኛ አንባቢና የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ፤ ፉክክሩ ገና ያልተጀመረበት ምክንያት

አማዞን የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ ኪንድል የተባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ እ.አ.አ በኖቬምበር 2007 ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው 399 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ክምችት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተሸጦ አለቀ። በወቅቱ በርካታ ተንታኞች በወረቀት ላይ የሚታተም መጽሐፍ ዘመኑ ወደ ማብቃቱ እንደተቃረበ ተናግረው ነበር። ትንበያው ግን አልሠመረም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.አ.አ በ2021 ባካሄደው ጥናት፣ ከአገሪቱ አዋቂዎች መካከል 65 በመቶ የሚሆኑት በቀደሙት 12 ወራት ቢያንስ አንድ የታተመ መጽሐፍ አንብበዋል፤ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ያነበቡት 30 በመቶ ነበሩ።

በእነዚያ አገሮች ሁለቱ የመጽሐፍ ዓይነቶች ጎን ለጎን መኖርን ለምደዋል። አንባቢው ለጉዞ አንዱን፣ ለመደርደሪያው ሌላውን ይመርጣል። በአማርኛ የሚያነብ የመጽሐፍ ወዳጅ ግን እንዲህ ዓይነት ምርጫ ገና አልቀረበለትም። የመሣሪያው ዋጋና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ለዚህ በምክንያትነት መጠቀሳቸው የተለመደ ቢሆንም፣ መሣሪያው በእጁ ላለ አንባቢ ጭምር ችግሩ አልተፈታለትም። ዋናው መሰናክል በማንበቢያው ላይ በትክክል የሚነበብ የአማርኛ መጽሐፍ እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው።

በቅድሚያ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ሲባል ስልክ ወይም ታብሌት ማለት አይደለም። የማንበቢያው ገጽ የተሠራው “ኤሌክትሮኒክ ቀለም” በተሰኘ ቴክኖሎጂ ሲሆን፣ በውስጡ በእጅግ ጥቃቅን እንክብሎች የታቀፉ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ይገኛሉ። ቅንጣቶቹ በኤሌክትሪክ ግፊት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በመንቀሳቀስ ፊደሉን ይሠራሉ። ፊደሉ አንዴ ከተሠራ በኋላ ኃይል ሳይፈልግ በቦታው ይቆያል። ገጹ በፀሐይ ብርሃን እንደ ወረቀት የሚነበበው፣ አንድ ጊዜ የተሞላ ባትሪም ለሳምንታት የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው። መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት አካባቢ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ስለ ጉዳቱ የሚነገረውም በዚሁ መለያየት ሊመዘን ይገባል። ከመኝታ በፊት በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ማንበብ እንቅልፍን እንደሚያዘገይ ያመለከተውና እ.አ.አ በ2014 መጨረሻ ይፋ የሆነው የአሜሪካ ጥናት የተካሄደው ብርሃን በሚረጭ ታብሌት ሲሆን፣ የተሳተፉበትም 12 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከዚህ የሚበልጥ ክብደት ያለው እ.አ.አ በ2018 የታተመውና 54 ጥናቶችን፣ ከ170 ሺህ በላይ ተሳታፊዎችን ያካተተው ግምገማ ነው። በዚህ ግምገማ መሠረት፣ መረጃ ሰጪ ጽሑፎችን በተለይም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ያነበቡ ሰዎች ከገጸ ማያ ይልቅ ከወረቀት የተሻለ ተረድተዋል። ልብ ወለድን በመሳሰሉ ትረካዎች ብቻ በተወሰኑት ጥናቶች ግን ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። መመሪያና ሪፖርት በኮምፒውተር ሲያነብ ለሚውል የመንግሥት ሠራተኛ የመጀመሪያው ግኝት ሊያሳስበው ይችላል። ልብ ወለድ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ሁለተኛው በቂ ማጽናኛ ነው።

ወደ አማርኛው ስንመለስ፣ ችግሩ የሚጀምረው ከፊደሉ ነው። ዩኒኮድ የተሰኘው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው እ.አ.አ በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ አስቀድሞም ሆነ ከዚያ በኋላ ለበርካታ ዓመታት የአማርኛ መጻሕፍት በኮምፒውተር የሚጻፉት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የጽሕፈት ፕሮግራሞች ነበር። ከእነዚህ ፊደላት ብዙዎቹ የአማርኛውን ቅርጽ ለላቲን ፊደል በተመደበ ቁጥር ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ። ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ፋይል ሲከፈት በአማርኛ ፋንታ የላቲን ሆሄያትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ያጋጠመው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነገሩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በዚያ መንገድ የተዘጋጀ መጽሐፍ ፋይሉ በአሳታሚው እጅ ቢገኝ እንኳ፣ ወደ ዩኒኮድ ተለውጦ ቃል በቃል ካልታረመ በስተቀር በማንበቢያ ላይ አይነበብም።

ፋይሉ ጨርሶ የጠፋበት መጽሐፍም ብዙ ነው። ለእነዚህ የቀረው መንገድ ገጾቹን በስካነር ማንሳት ሲሆን፣ በዚህ ዓይነት የተገኘው ፒዲኤፍ በእርግጥ የመጽሐፉ ፎቶግራፍ እንጂ ጽሑፉ አይደለም። በስድስት ኢንች ገጽ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ይደቃል፤ ሲጎላ ደግሞ የመስመሩ ጫፍ ከገጹ ይወጣል። አንባቢው እያንዳንዱን መስመር ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየገፋ አምስት መቶ ገጽ ሊዘልቅ አይችልም። የታተመ ገጽን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አማርኛን ማንበብ የጀመሩ ቢሆንም፣ “ለ”ን ከ“ሰ”፣ “ተ”ን ከ“ቸ” ማምታታታቸው ስለማይቀር የሰው አራሚ ያስፈልጋቸዋል። በደበዘዘና በተላላጠ አሮጌ ኅትመት ላይ ስህተቱ ይበዛል።

ጽሑፉ ከተዘጋጀ በኋላም ማንበቢያው ለእንግሊዝኛ አንባቢ የሚሰጣቸው አገልግሎቶች ለአማርኛው በቀጥታ አይሠሩም። “ፀሐይ” የሚለውን ቃል የሚፈልግ አንባቢ ደራሲው “ጸሐይ” ወይም “ፀሀይ” ብሎ ከጻፈው አያገኘውም፤ ፕሮግራሙ ሞክሼ ሆሄያትን እንደ አንድ እንዲቆጥር አስቀድሞ ካልታዘዘ በቀር። በቃሉ ላይ ጣትን አሳርፎ ፍቺውን ከመዝገበ ቃላት ማየትም እንዲሁ ነው። “አልመጣችም” የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ በዚህ መልኩ ስለማይገኝ፣ መሣሪያው ቅጥያዎቹን ገፍፎ “መጣ” የሚለውን እንዲያገኝ የቋንቋውን ሰዋስው የሚያውቅ ፕሮግራም ይሻል። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች በምርምር ደረጃ ተሠርተዋል። አንባቢ እጅ ለመድረስ ግን የሚያስተባብራቸው አካል ይፈልጋሉ።

ይህ ክፍተት ባዶ ሆኖ አልቆየም። ስካን የተደረጉ የአማርኛ መጻሕፍት በቴሌግራም በነፃ ሲዘዋወሩ ማየት የተለመደ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም የተሻሻለበት አዋጅ፣ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መጽሐፍ አባዝቶ ማሠራጨትን ይከለክላሉ። ሕጉ ባለበት ድርጊቱ የቀጠለው ግን አንባቢው ሌብነትን ስለመረጠ ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ በስልኩ ወይም በማንበቢያው ሊያነበው የሚችለው ቅጂ በአብዛኛው የለም። የአማርኛ መጻሕፍትን በስልክ መተግበሪያ የሚሸጡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች መኖራቸው የሚበረታታ ቢሆንም፣ መጽሐፉ ከመተግበሪያው ውጭ የማይከፈት ከሆነ ገዢው የመደብሩ ጥገኛ ይሆናል።

የመጽሐፍ ወዳጆችን ከሁሉ በላይ የሚያሳስባቸውም ይህ የባለቤትነት ጥያቄ ነው። እ.አ.አ በጁላይ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን “1984” እና “የእንስሳት ዕድር” በሚል ስም በአማርኛ የሚታወቀውን ሥራ የተወሰኑ ቅጂዎች ከገዢዎች ማንበቢያ ላይ በርቀት አጥፍቷል። ምክንያቱ ሻጩ የማሳተም መብት ያልነበረው መሆኑ ሲሆን፣ ገንዘቡ ተመልሷል፤ የኩባንያው ኃላፊም በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ማይክሮሶፍት እ.አ.አ በ2019 የመጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት ሁሉ ከገዢዎች እጅ ወጥተዋል፤ በዚህም ጊዜ ክፍያው ተመልሷል። ገንዘብ ቢመለስም፣ በኅዳጉ ላይ ማስታወሻ ሲይዝ ለከረመ አንባቢ ኪሳራው በገንዘብ አይለካም።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.አ.አ በዲሴምበር 2019 በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ሰው የገዛውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ እንደ አሮጌ የታተመ መጽሐፍ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መልሶ መሸጥ እንደማይችል አስታውቋል። በካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ እ.አ.አ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የዲጂታል ዕቃ ሻጮች ደንበኛው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አለመሆኑን በግልጽ እንዲያሳውቁ ሕግ ያስገድዳቸዋል። በአዲስ አበባ በለገሃርና በመርካቶ አሮጌ መጻሕፍት ሲገበያይ ለኖረ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር ነው። በከተማዋ አንድ መጽሐፍ ተገዝቶ፣ ተከራይቶ፣ በውሰት ዞሮ፣ ዳግም ተሸጦ በብዙ ሰዎች ይነበብ ነበር። የአገሪቱ የንባብ ልማድ የቆመው በዚህ ቅብብል ላይ መሆኑ ሲታሰብ፣ ውሰትን የማይፈቅድ መጽሐፍ አንባቢን ሊያበዛ መቻሉ ያጠራጥራል።

ከግለሰቡ አንባቢ ባሻገር የመንግሥት ኃላፊነት የሚሆነው ጥበቃው ነው። በአድዋ አቅራቢያ በሚገኘው የአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የብራና ወንጌሎች ከ1 ሺህ 300 ዓመታት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው በራዲዮካርቦን ምርመራ ተረጋግጧል። ማይክሮሶፍት እ.አ.አ በ2000 ያስተዋወቀው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፕሮግራም በአንጻሩ 12 ዓመት ብቻ ቆይቶ ቀርቷል። በአገራችን የሚታተሙ ጽሑፎች ቅጂ ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ሕዝቡ ወመዘክር እያለ ለሚጠራው ተቋም፣ ገቢ የሚሆንበት ሥርዓት ረጅም ዕድሜ አለው። በወረቀት ሳይታተም በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚወጣ መጽሐፍ ግን በዚያው ጥንቃቄ ካልተሰበሰበ፣ መተግበሪያው በተዘጋ ማግስት ሊጠፋ ይችላል። ብሪታንያ ይህን ክፍተት ለመድፈን እ.አ.አ በ2013 ባወጣችው ደንብ ኤሌክትሮኒክ ኅትመቶችን ጭምር በግዴታ ገቢ እንዲሆኑ አድርጋለች። ይሁንና የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት እ.አ.አ በኦክቶበር 2023 በደረሰበት የኮምፒውተር ጥቃት የዲጂታል አገልግሎቱ ለወራት መስተጓጎሉ፣ ፋይል ማሰባሰብ ብቻውን ጥበቃ እንዳልሆነ አሳይቷል።

መሣሪያውን በብዛት ገዝቶ ማደል መፍትሔ ይመስላቸው የነበሩ ወገኖችም አሉ። በጋና ምሥራቃዊ ክልል እ.አ.አ ከ2010 ጀምሮ ለተማሪዎች ኪንድል በማደል የተሞከረው ፕሮጀክት ለሕፃናቱ ብዙ መጻሕፍት ማቅረቡ ባይካድም፣ በሙከራው ወቅት ከመሣሪያዎቹ 40 በመቶ ገደማ ተሰባብረዋል። የወረቀት መጽሐፍ ቢወድቅ አቧራው ይራገፋል።

ይህ ሁሉ ሲባል የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ለአማርኛ አንባቢ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ የሚኖር አንባቢ አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ የሚደርሰው በአብዛኛው በመንገደኛ ሻንጣ ነው። ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን ፊደሉን እንደፈለጉ ማጉላት ይችሉ ነበር። ኢትዮጵያ የተቀበለችው፣ እ.አ.አ በ2013 የጸደቀው የማራካሽ ስምምነት ዓይነ ስውራንና ማንበብ የሚቸገሩ ወገኖች ሊጠቀሙበት በሚችሉት መልክ መጽሐፍ እንዲዘጋጅላቸው የሚፈቅድ ነው። ኮምፒውተር አንብቦ ሊያሰማቸው የሚችለው ግን በትክክል የተጻፈ ጽሑፍን እንጂ የገጽ ፎቶግራፍን አይደለም።

ሥራውን ለመጀመር አዲስ ሕግ መጠበቅ የማያስፈልግበት ክፍልም አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት የሚጸናው በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት ነው። በዚህ ስሌት እ.አ.አ በ1938 ያረፉት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሥራዎች፣ እንዲሁም “ልብ ወለድ ታሪክ”ን እ.አ.አ በ1908 በሮም ያሳተሙትና በ1947 ያረፉት የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራዎች የጥበቃ ጊዜያቸውን ጨርሰዋል። ከ“ፍቅር እስከ መቃብር” ደራሲ ከሐዲስ ዓለማየሁ ሥራዎች በተለየ መልኩ፣ እነዚህን በዩኒኮድ ጽፎ፣ ከመጀመሪያው እትም ጋር አመሳክሮና አርሞ በማንኛውም ማንበቢያ በሚከፈት መልክ ለሕዝብ ለማቅረብ የማንም ፈቃድ አይጠየቅም። የሚጠይቀው የጸሐፊና የአራሚ ደመወዝ፣ ሥራውን የሚመራ አንድ ተቋም፣ ከመጋዘን የሚወጣ አንድ ንጹሕ ቅጂ ነው። የቀድሞውን ሆሄ አጻጻፍ እንዳለ ማቆየት ወይስ ወደ ዛሬው መለወጥ የሚለው ክርክር መነሣቱ አይቀርም። እርሱንም ቢሆን የቋንቋ ምሁራን ሥራው ከተጀመረ በኋላ ሊነጋገሩበት ይችላሉ።