ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ

የ10ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህራችን ህንዳዊ ነበሩ። በዚያ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት የህንድ መምህራን አይጠፉም ነበር። አንድ ቀን በብርጭቆ ውሃ ላይ ጨው ጨምረው አማሰሉና «በሉ፣ ጨዉን መልሱልኝ» አሉን። ዝም አልን። ከላይ ፉት አስባሉን፤ ግማሹን ደፍተው ደግሞ አስቀመሱን፤ ከሥር የቀረውንም እንዲሁ። ሁሉም ጨው ጨው ይላል። «ይህ ጥንት በአገሬ የተሰጠ ትምህርት ነው» ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

ነገሩ የገባኝ ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ የተባለውን ጥንታዊ የህንድ መጽሐፍ ሳነብ ነው። ኡዳላካ የሚባል አባት ልጁን ሽቬታኬቱን በዚሁ ጨው ያስተምረዋል፦ የሁሉም ምንጭ በዓይን ባይታይም በሁሉ ውስጥ አለ፤ አንተም ራስህ እርሱው ነህ ይለዋል። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የኖረው ፈላስፋ ሻንካራ ትምህርቱን ይዞ እስከ ጥጉ ሄደ። በእውነት ያለው ያ የሁሉም ምንጭ፣ አንዱ ብራህማን ብቻ ነው፤ «እኔ»፣ «አንተ» የምንባባለው ካለማወቅ ነው አለ።

ይህን ሐሳብ አላቃልለውም። ጎረቤቴን ስበድል የበደልኩት ራሴን መሆኑን የሚያሳይ ትምህርት ክቡር ነው። ሆኖም እናቴ ያረፈች ሰሞን አንድ ወዳጄ «ጠብታዋ ወደ ባሕሯ ተመለሰች» ሲለኝ አልተጽናናሁም። በቅን ልቡ ነበር ያለው። እኔን ግን የናፈቀችኝ የተቆላ ቡና ይዛ እስከ አልጋዬ ድረስ መጥታ፣ ጭሱን በመዳፏ ወደ ፊቴ የምታርገበግብልኝ ሴት ናት።

እዚያው ህንድ ውስጥ ከሻንካራ በኋላ የተነሣው ራማኑጃ እንዲህ ሲል ሞገተ፦ ብራህማን ብቻ ካለ፣ ያ አለማወቅ የማን ነው? ብራህማን አይስትም፤ ሌላ የሚስት ደግሞ የለም። ስለዚህ ነፍሳት ከአምላክ ተለይተው መኖር ባይችሉም፣ በእርሱ ውስጥ የየራሳቸው ህልውና አላቸው፤ ሥጋ ለነፍስ እንደሆነ እነርሱም ለእርሱ እንዲያ ናቸው ብሎ አስተማረ። ልቤ ያደላው ወደዚህ ነው። የሚወድና የሚወደድ ከሌለ ፍቅር ከየት ይመጣል? ሁሉም አንድ ከሆነ ማን ማንን ይቅር ይላል?

የእኛም አባቶች ስለ ጨው ብለዋል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል።» ጨዉን ፊት ለፊት «አንተ» ብለው ነው የሚያናግሩት። በውሃው ውስጥ ቢሟሟም ስለ ጣዕሙ የሚጠየቀው እርሱው ነው። ምንጫችን አንድ እንደሆነ አምናለሁ፤ የምንተነፍሰውም የእርሱን እስትንፋስ ነው። እያንዳንዳችን ግን የምንጠየቅበት፣ የምንወደድበትም የራሳችን ነፍስ ተሰጥቶናል።

በእናቴ ቀብር ዕለት ጸሎተ ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ቄሱ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉኝ። ምላሴ ተሳሰረ። አክስቴ ከኋላዬ በለሆሳስ «ወለተ ማርያም» አለች። ቄሱ ስሙን ተቀብለው ወደ አስከሬኑ ዞሩ፤ እናቴንም በስሟ ጠርተው ምሕረት ለመኑላት።